የእኔ አክታ፣ የልጄ ምራቅ

ስለ አክታ ነው የምጽፈው። ምግብ እየበላ ያለ ሰው ቢኖር ወረቀቱን አስቀምጦ ሲጨርስ ያንብበው። ከአንድ ዓመት በፊት ይህን ቃል በቤቴ ማዕድ ላይ የሚያነሣ ሰው ቢኖር ከገበታው አስነሣው ነበር። ዝምታ ጨዋነት ነው ብዬ ኖሬ ልጄን ላጣት ደርሼ ስለነበር ግን አሁን መናገርን መርጫለሁ። ሴት ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ በተለይ ለእናንተ ነው።

ታዬ እባላለሁ፤ አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ በባቡር ሥራ አቃቂ መጥቶ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ እያረጀሁ ነው። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ክር ፋብሪካ ገባሁ። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ በማሽን መመሪያ፣ በአሮጌ ጋዜጣ፣ እጄ በገባ መጽሐፍ ሁሉ። ዛሬ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ያወቀውን በብዙ ድካም ስላወቀው፣ ያላወቀው ነገር ያለ አይመስለውም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ቤቴ ሕግ ነበረው። ሲበላ አይወራም። ሴት ልጅ ድምፅ አውጥታ አትስቅም፤ ሰው ፊት አትናፈጥም፣ ጉሮሮዋን አትጠርግም፣ አትተፋም። ሰብለ የምትባል አንድ ልጅ አለችን። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ገላን አካባቢ ልብስ ስፌት ትሠራለች። ትንሽ ልጅ ሳለች ጉንፋን ይዟት ደጅ ላይ ስትተፋ አይቼ ጎረቤት እስኪሰማ ተቆጣኋት። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ ወዲህ ስትተፋ አይቻት አላውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። እኔ ራሴ ግን በየመንገዱ እተፋ ነበር። ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም። ወንድ ነኝ፣ የአቧራ ሥራ ነው የምሠራው፣ ማን ምን ይለኛል።

ሳሉ የጀመረኝ በጥቅምት ነው። መጋዘናችን ሲሚንቶም እህልም ስለሚያስገባ አቧራ አይጠፋም፤ በዚያ ላይ በሩ ፊት ለፊት ተሰልፎ የሚውለው የከባድ መኪና ጭስ አለ። ሳል ቢይዘኝ ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት። በኅዳር ቀበቶዬ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ባለቤቴ አስናቀች ጠዋት አንሶላውን ስታነሣ በላብ ርሶ እያገኘችው ሐኪም ቤት ሂድ ትለኛለች። እኔ ወንድ ልጅ በሳል ከሥራ አይቀርም እላታለሁ። ከፋርማሲ ሽሮፕ ገዛሁ። ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ሳሉ ግን አላለቀም። ሌላው የሳንባ ምች ነው ብሎ ሰባት ቀን መርፌ ወጋኝ። ለሳምንት ያህል ተሻለኝና ተመልሶ መጣ። አንዳቸውም አክታ ስጠን አላሉኝም። እኔም ከሁለት ወር በላይ የቆየ ሳል ምን ማለት እንደሆነ በጋዜጣ ያነበብኩ ሰው፣ ያነበብኩት ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

በጥር አንድ ቀን ጠዋት ጭነት እያስወረድኩ ሳለ ሳሉ ያዘኝና መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ጌቱ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አጠገቤ ቆሟል። ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

"ጋሽ ታዬ፣ ይሄ የሲሚንቶ አቧራ አይደለም። ይግቡ" አለና በዚያው በጭነት መኪናው ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። መኪናው በር ላይ ሲቆም ዘበኛው ዕቃ የመጣ መስሎት ትልቁን በር ሊከፍት ተነሣ። ከጋቢናው የወረደው አንድ የከሳ ሽማግሌ ብቻ ሲሆን ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ።

የቲቢ ክፍሉ ከግቢው ጥግ ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ተረኛ የሚጠብቁት ውጭ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር በተደረደረ አግዳሚ ላይ ነው። ነርሷ ሲስተር ሃና ትባላለች። ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝና ምራቅ እንዳላመጣባት፣ ከደረቴ ሥር ስቤ የማወጣውን እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እዚያው ሰልፈኛው ፊት ጎንበስ ብዬ፣ ሁለቴ ስዬ፣ ግማሹን ሞልቼ ሰጠኋት። የሚያፍር ሰው አልነበረም፤ እኔም አላፈርኩ፣ ያዩኝም አላፈሩልኝም። በማግስቱ ውጤቱ ወጣ፤ ቲቢ ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ። መድኃኒቱ ለስድስት ወር በየቀኑ የሚዋጥ ሲሆን በነፃ ነው የሚሰጠው።

እግዜር ይመስገን፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልተወኝም። የእድሩ ሰዎች ተራ በተራ መጥተው ጠየቁኝ። አለቃዬ ቀላል ሥራ ላይ አዋለኝ። አስናቀች አልጋዬን መስኮት ሥር አዛወረችው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባቴ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው፣ ታማሚ ስለሆንክ አትጹም ብለው ፈቱኝ። በየጠዋቱ ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ይቀርብልኛል። እንቁላሉን የምትጠብስልኝ ከሥራ በፊት የምትነሣው ሰብለ ናት። እሷ ትጾማለች።

አግዳሚው ላይም የራሳችን ዓለም ነበረን። ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ግንበኛው፣ ሁላችንም ወንዶች መሐል ላይ ተደርድረን እናወጋለን። በቀለ የሚባል ጫኝና አውራጅ ማኅበራችንን "የሳል ማኅበር" ብሎ ሰይሞ፣ በዕድሜ ስለምበልጥ ሊቀመንበር አድርጎኝ ነበር። መድኃኒቱ ሽንታችንን ቀይ ስለሚያደርገው እንኳ የሚቀለድ ቀልድ አያጣም። ሴቶቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ ከማንም ቀድመው ይመጣሉ ወይም ሁሉም ከሄደ በኋላ። ሲቀመጡም ጫፍ ላይ ነው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። እኔ ይህን አይቼ እንዴት ያሉ ጨዋ ሴቶች ናቸው ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው። ዛሬ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል።

ሕክምናዬን በጀመርኩ በሳምንቱ ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሁሉ እንዲመረመር ተጠየቀ። አስናቀችንና ሰብለን ይዤ ሄድኩ። አስናቀች ሳል የላትም፤ አይተው አሰናበቷት። ሰብለ ትንሽ ትንሽ ያስላት እንደሆነ ስትጠየቅ በጣም ትንሽ አለች። የዚያን ቀን ሲስተር ሃና ሥልጠና ላይ ስለነበረች የተካት ባለሙያ ዕቃውን ሰጥቷት "አክታ አምጪ" ብቻ አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። የአግዳሚው ወንዶች ሁሉ ያዩናል። ሰብለ ዕቃውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ሽንት ቤቱ ኋላ ሄደች። እኔም ሰው እንዳይከተላት ብዬ ጥጉ ላይ ቆምኩ። ድምፅ አልሰማሁም። ወዲያው ተመለሰች። ዕቃው ውስጥ የነበረው ነገር እንደ ውኃ የጠራ ነበር።

ውጤቱ ምንም የለም ተባለ። ደስ አለኝ። ንጹሕ አድርጌ ያሳደግኳት ልጅ ንጹሕ ሆና ተገኘች ብዬ አሰብኩ፤ በሽታና ንጽሕና አንድ ነገር ይመስል።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይሆን ጀመር። እኔ እወፍራለሁ፣ እሷ ትከሳለች። እኔ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ሳላርፍ መውጣት ጀመርኩ፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። አስናቀች ልጄ ምን ሆነች ስትል፣ ጾም ነው፣ ሰርግም እየደረሰ ነው፣ ሐሳብ ነው አልኳት። ሽማግሌዎች ጥቅምት ላይ መጥተው ጠይቀዋት ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ቀኑን ሊቆርጡ ሊመለሱ ነው። እጮኛዋ ዳዊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ መልካም ልጅ። አንድ ክሊኒክ ወስደናት ደም ማነስ አለባት ተብሎ የብረት እንክብል ተሰጣት። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ጨጓራ ነው ተባለ። የእኔን አንሶላ የምታጥበው እሷ ናት። እኔ በተኛሁበት አልጋ ላይ ሆኜ ከጓዳ በኩል አንዳንዴ የታፈነ ነገር ይሰማኛል፤ ሰው ትራስ ውስጥ ሲናገር የሚሰማው ዓይነት። ምን እንደሆነ ልጠይቅ አልተነሣሁም።

መጋቢት ላይ የሕክምናዬን ሁለት ወር ስጨርስ አክታዬ እንደገና ተመረመረ፤ ጠርቷል ተባልኩ። ሲስተር ሃና ደስ ብሏት መዝገቡ ላይ እየጻፈች ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። ደህና ናቸው፣ ልጄ ብቻ ደም ማነስ ይዟት ትንሽ ከስታለች አልኩ። ብዕሯን አስቀመጠች። ልጅቱ አክታ ስትሰጥ ማን አብሯት እንደነበር ጠየቀችኝ።

"እኔ ነበርኩ፤ ጥጉ ላይ ቆሜ።"

"እርስዎ ቆመው እየሰሟት? ሳለች?"

"ልጄ ጨዋ ናት፣ ሲስተር። እንደዚያ አታደርግም።"

ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ብዙ ሴቶች ዕቃውን ይዘው የሚመለሱት ምራቅ ብቻ ይዘው ነው። ማሽኑ ምራቅ ውስጥ በሽታውን አያገኝም፤ የለም ይላል፤ ሴትየዋም ከነበሽታዋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከደረት ስቦ ማውጣት በሰው ፊት ነውር ነው ተብለው ስላደጉ ነው። የዚያን ቀን የሰብለን ዕቃ ያየ ሰው መልሶ ሊልካት ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የእኛም ነው አለች። ቀጥላም፣ መዝገቧ ላይ ወንዶች እንደሚበዙ፣ ሥራ ስትጀምር ወንድ ይበልጥ ስለሚታመም ነው ብላ ታስብ እንደነበር፣ አሁን ግን እርግጠኛ እንዳልሆነች ነገረችኝ። ሴቶቹ ያልታመሙ ይሁኑ፣ ያልመጡ ይሁኑ፣ መጥተውም ያልተገኘባቸው ይሁኑ መዝገቡ አይናገርም።

"ማን እንደሚያስተምራቸው አላውቅም" አለች።

እኔ አውቅ ነበር። ቀጥ ብዬ ወደ ገላን ሄጄ ሰብለን ከፋብሪካው በር አስጠራኋት።

በማግስቱ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ሲስተር ሃና እኔን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ሰብለን ከክፍሉ ጎን፣ ከግቢው ግንብ ሥር ባለው ክፍት ቦታ ወሰደቻት። እንዴት መተንፈስ እንዳለባት አሳየቻት። ቆዩ፤ ቆዩ። ሲስተር ብቻዋን ተመልሳ አልመጣላትም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ታማሚ እየጠበቃት ነበር። እኔ ተነሥቼ ሄድኩ።

ሰብለ ግንቡን እያየች ቆማለች። የትከሻዋ አጥንት በሹራቧ ላይ ወጥቶ ይታያል። ይህን የሚያህል መክሳቷን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ነጠላ ደርባ ነበር።

"አባባ፣ እርስዎ ባሉበት አይመጣልኝም" አለችኝ ሳትዞር።

"እንግዲያው ልሂድልሽ።"

"ቢሄዱም አይመጣልኝም። ሞክሬው ነበር።"

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልሂድላት ብልም የማልሄድ ሰው ሆኛለሁ፤ ሰባት ዓመቷ ላይ የተናገርኩት ነገር ከእኔ ቀድሞ ጉሮሮዋ ውስጥ ተቀምጧል። በምክር የማይነሣ ነገር ነበር። ስለዚህ ባርኔጣዬን አውልቄ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ እንዴት እንደሚደረግ ላሳያት ብዬ ማሳል ጀመርኩ። ድኜ ስለነበር የሚመጣልኝ ነገር የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሊነሣ እንዳቃተው አሮጌ ሞተር። አግዳሚው ላይ ያሉት ዘወር ዘወር እያሉ ያዩናል። በቀለ ከዚያ ሆኖ፣

"ሊቀመንበር፣ እርስዎ ፈተናውን አልፈዋል እኮ፤ ለልጅቱ ይተዉላት" አለ።

አግዳሚው በሙሉ ሣቀ። ሰብለ ዞራ አየችኝ፤ አባቷ፣ ገበታ ላይ የማይናገረው አባቷ፣ ባርኔጣው መሬት ወድቆ፣ ጎንብሶ፣ አክታ በሌለው ደረቱ ይጮኻል። ድምፅ አውጥታ ሣቀች። ሣቋን ካስቆምኩባት ስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም። ሣቁ መሐል ላይ ተቆርጦ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እሷም ልትመልሰው አልቻለችም። ለወራት ስትውጠው የኖረችው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። አጣደፋት። በአንድ እጇ ግንቡን ያዘች። እኔ ዕቃውን ከፍቼ አፏ ሥር ያዝኩላት።

"ትፊው፣ ልጄ" አልኳት።

ተፋችው። አረንጓዴ ነበር፤ ቀጭን የደም ክር አለበት። ወዲያው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ዕቃውን ከድኜ በእጄ ይዤ፣ ምንም ሳልሸፍነው፣ በወንዶቹ ፊት አልፌ ላቦራቶሪው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ማንም አልሣቀም።

ቲቢ ነበረባት። ራጅ ስትነሣ የግራ ሳንባዋ ላይኛው ክፍል በጣም ተጎድቶ ተገኘ። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብትመጡ ኖሮ አለና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

እዚህ ላይ ልቤ ተሰብሮ ሰው ሆንኩ ብል ደስ ባለኝ። ግን አልሆንኩም። ከራጅ ክፍሉ ስንወጣ መጀመሪያ ያሰብኩት ሽማግሌዎቹን ነው። ለአስናቀች ማንም እንዳይሰማ፣ ጨጓራ ነው እንድትል አዘዝኳት። ሲስተርን ለምኜ ማዛወሪያ አጽፌ ሰብለን ማንም የማያውቃት ቱሉ ዲምቱ በኩል ያለ ጤና ጣቢያ አስመዘገብኳት። ሰብለ ወረቀቱን ተቀብላ፣

"እርስዎ ሲታመሙ እድርተኛው ሁሉ መጥቶ ጠየቀዎት። የእኔ ምኑ ነው የሚደበቀው?" አለችኝ።

"አንቺ ሴት ልጅ ነሽ።"

"በሽታው እኮ ያው ነው፣ አባባ።"

ተቆጣኋት።

የዚያ ውሳኔ ዋጋ ወዲያው ታየ። በባዶ ሆዷ መድኃኒት ለመዋጥ በሚኒባስ ተጋፍታ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ ገላን ትሮጣለች። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አስመለሳትና ረዳቱ ሰው ፊት አዋርዶ አወረዳት። ሌላ ቀን ለሥራ ዘግይታ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ቀን መድኃኒቷን ሳትወስድ እንደቀረች አስናቀች ነገረችኝ። መድኃኒቱን ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ አውቅ ነበር፤ ኋላም በዓይኔ አየሁት፤ ማኅበርተኛችን በቀለ ራሱ በዚያው ሰሞን ተሽሎኛል ብሎ ሥራ እያሳደደ መምጣት ትቶ፣ ከወር በኋላ ሰው ደግፎት ነው የተመለሰው። እዚያ አግዳሚ ላይ ስመለከት፣ ወንዶቹ ቶሎ ገብተን ቶሎ እናቋርጣለን። ሴቶቹ ለመግባት ይቸገራሉ እንጂ አንዴ ከገቡ አይወጡም። የእኔን ልጅ ያቋረጣት ግን ስንፍና አልነበረም፣ እኔ ነኝ። በማግስቱ ሲስተር ሃና ዘንድ ሄጄ መልሰሽ ተቀበያት አልኳት። አልወቀሰችኝም። የመድኃኒት ደጋፊ በሚለው መስመር ላይ ስሜን ጻፈችና አስፈረመችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብለና እኔ በየጠዋቱ አብረን እንሄዳለን፤ የምትቀመጠውም አግዳሚው መሐል ላይ ነው፣ አጠገቤ። ለንስሐ አባቴም ነግሬ እንደ እኔ እሷንም ከጾም ፈቷት። አስቀድሞ ማንም አልጠየቀላትም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሁለት ናቸው። አስናቀች ጨጓራዋን እንድነግራቸው በዓይኗ ትጠብቀኛለች። ሰብለ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች፤ እግሯ ይታየኛል። ሽማግሌው ስለ ቀኑ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው።

"አባቶቼ፣ ልጄ ቲቢ ይዟታል። የያዛት ከእኔ ነው። መድኃኒቷን ጀምራለች፤ በመስከረም ትጨርሳለች፤ ትድናለች። ከዚያ በፊት የሚቆረጥ ቀን የለም።"

ታናሹ ሽማግሌ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ። ታላቁ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ፣ ይህን ባልነግራቸው ማን ያውቅ እንደነበር ጠየቁኝ። እሷ ታውቅ ነበር አልኳቸው። እግዜር ይማራት ብለው በአክብሮት ተነሡ። ከሳምንት በኋላ የዳዊት እናት ልጅቱ እስክትድን ይቆይ ማለታቸው ተነገረን። ዳዊት ለጥቂት ጊዜ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ቀነሰ፤ ከዚያ ቀረ።

ሰብለ አላዘነችም ብል ውሸት ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን፣ እኔ ይቅርታ የሚመስል ነገር ለመናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ያን ቀን የእነሱን መልስ አልነበረም የምጠብቀው" አለች። "እርስዎ ምን እንደሚሉ ነበር።"

መድኃኒቷን በመስከረም ጨረሰች። አክታዋ ጠራ፤ ክብደቷም ተመለሰ። የግራ ሳንባዋ ላይ ግን ጠባሳ ቀርቷል፤ ደረጃ ስትወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ትተነፍሳለች። ሐኪሙ ይህ እንደማይለቃት ነግሮናል። ስትቆም እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ። የእኔ ሳንባ ላይ ምንም የለም፤ በሰጠሁት የመጀመሪያው አክታ ተገኝቶብኝ ነበርና።

ለአባቶች ምን ልምከራችሁ? ልጆቻችሁን ጨዋ አድርጋችሁ አሳድጉ፤ ይህን አሁንም አምናለሁ። ግን አካሏ ሲታመም የምትናገርበትን አፍ አትዝጉባት። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የወንድም ይሁን የሴት ይመርመር። ሴት ልጅ አክታ ስትጠየቅ ክፍት ቦታ ይሰጣት፣ ከደረቷ እስኪመጣላት ጊዜ ይሰጣት፣ የሚጠብቋት ወንዶችም ራቅ ይበሉላት። የጠራ ነገር ይዛ ከተመለሰች ውጤቱን አትመኑት፤ ደግማ ትስጥ።

ሰብለ የጨረሰች ዕለት ሲስተር መዝገቡን እስክትዘጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አዲስ ሰው ተቀምጧል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ልብሱ ላይ የቀለም ፍንጣቂ አለ። መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ እንደሆነ ነገረኝ። ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቅሁት። ሚስቱና አንዲት እህቱ አሉ።

"ተመረመሩ?"

"እህቴን አምጥቻት ነበር፤ ነፃ ናት። ሚስቴ ግን ደህና ናት፣ አባባ። አትስልም።"

"አትስልም ወይስ አንተ ሰምተህ አታውቅም? እህትህስ የሰጠችው አክታ ነበር ወይስ ምራቅ?"

መድኃኒቱን የዋጠበትን የውኃ ጠርሙስ በእጁ ሲያዞር ቆየ።

"ነገ ሁለቱንም ይዣቸው እመጣለሁ" አለኝ በመጨረሻ።

"ገና ሦስት ሰዓት ነው" አልኩት። "ዛሬ ይደርሳሉ።"

ተነሥቶ ሄደ። በበሩ ሲወጣ እስከማየው ድረስ ሰብለ ቆማ ጠበቀችኝ።